ሚስስ ዶሎረስ እግራቸውን እስኪያሳዩን

ማክሰኞ፣ ሜይ 5፣ 1987

በክሊኒክ ቫኑ የመጀመሪያ ቀኔ። ከሰፈሬ ከፌርፋክስ ተነስተን ወደ ምስራቅ ሁለት ሰዓት ድራይቭ አደረግን፣ ለህንዶቹ የተከለለው መሬት፣ ሪዘርቬሽን ድረስ። አብራኝ የምትኖረው ሙጂባ ትናንት፣ "ኸይሪያ፣ ቀይ ህንዶች ዘንድ ነው የምትሄጂው? ላባ ያደርጋሉ?" ስትለኝ ነበር። የጠበቁን ግን ጂንስ የለበሱ ሰዎች ናቸው።

ሥራዬ ደም ግፊትና ስኳር መለካት። ከዚያ ዶክተር ኬለር ቫኑ ውስጥ ያያቸዋል።

አንዲት አሮጊት አሉ፣ ሚስስ ዶሎረስ የሚባሉ። የራሳቸውን ወንበር ይዘው መጥተው የቫኑ ጥላ ሥር ቁጭ አሉ። ግራ እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል። "ይግቡ" ስላቸው እንቢ አሉ። እስክንሄድም አልተነሱም።

ካልታከሙ... ለምን ይመጣሉ?

ረቡዕ፣ ሜይ 6

ዶክተር ኬለርን ጠየቅኩት።

"ስኳር ሳይኖርባቸው አይቀርም። ያ እግር ከቆየ ይቆረጣል። ግን ለማንም አያሳዩም።"

"ለምን?"

"አይናገሩም።"

አይናገሩም? ወይስ ጠይቆ የጠበቃቸው የለም?

ማክሰኞ፣ ሜይ 19

ዛሬም ወንበራቸው ላይ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ሎሚናት ሰጡኝ። "ይቅርታ፣ ረመዳን ነው፣ ፆመኛ ነኝ" አልኳቸው። ከዚያ ጥያቄው ወረደብኝ። ውሃም አይጠጣም? እስከ ስንት ሰዓት? ማን አስተማረሽ? እናቴ። ማን ይባላሉ? ሳብሪያ። የት ናቸው? ደሴ። ወንዝ አለው አገሩ? ቦርከና አልኳቸው። ስሙን እስኪይዙት ደጋግመው አስጠሩኝ።

እኔ ደግሞ የታካሚ ካርድ አውጥቼ "እድሜዎ ስንት ነው?" ስል ሳቁ።

"እናንተ ትጠይቃላችሁ። ስትሄዱ ሌላ ሰው ይመጣና ያንኑ ይጠይቃል። ሁላችሁም ስለኔ ጽፋችኋል። እኔ ግን እስከ ዛሬ የአንዳችሁንም እናት ስም አላውቅም ነበር።"

ሶ፣ ነገሩ ይሄ ነው? እኔስ ብሆን... ማንነቱን ለማላውቀው ሰው ቁስሌን እገልጣለሁ?

እግራቸውን ግን አላሳዩኝም።

"ተመልሰሽ ትመጫለሽ?"

"እመጣለሁ።"

"እናያለን" አሉ።

ሰኞ፣ ጁን 1

ሱፐርቫይዘሯ ደወለች። ነገ ኖርዝ ሆሊውድ ያለው ክሊኒክ ሰው ጎድሎበታል፣ እዚያ ግቢ፣ በቫኑ ሌላ ሰው ይሄዳል አለች። እንቢ አልኩ። ሥራ ላይ እንቢ ብዬ አላውቅም። "እመጣለሁ ያልኳቸው ሰው አሉ" አልኳት። "ኦኬ፣ በኋላ እንነጋገራለን" ብላ ዘጋችው።

ሙጂባ ተቆጣች። "ለአንዲት አሮጊት ብለሽ ሥራሽን ልታጪ?" ቢያባርሩኝስ?

ማክሰኞ፣ ጁን 2

ከቫኑ ስወርድ አዩኝ። ጎንበስ ብለው ጨርቁን መፍታት ጀመሩ።

ሽታው... ሁለት ጣቶች ጠቁረዋል። ሮጬ ዶክተር ኬለርን ጠራሁት። ጓንት አድርጎ ሲመጣ እግራቸውን ሰበሰቡ።

"መጀመሪያ የእናቱን ስም ይንገረኝ።"

ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ። "ንገራቸው" አልኩት።

"ሩት" አለ። የት ተወለደች? ምን ትሠራ ነበር? አቧራው ላይ ተንበርክኮ ሁሉንም መለሰ። ከሞተች ዓመት እንዳልሞላት እኔም ዛሬ ገና ሰማሁ። ከዚያ እግራቸውን ራሳቸው ጉልበቱ ላይ አስቀመጡለት።

"ዛሬውኑ ሆስፒታል መግባት አለብዎት" አለ።

"ኸይሪያ ከሄደች።"

በቫኑ ይዘናቸው ሄድን። መንገዱን ሁሉ እጅጌዬን አልለቀቁም። እንዲህ ይፈራሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

እሁድ፣ ጁን 28

ሁለቱ ጣቶች ተቆረጡ፣ እግራቸው ተረፈ። ሱፐርቫይዘሯ ማስጠንቀቂያ ሰጠችኝ፤ ከቫኑ ግን አላነሳችኝም።

ዛሬ ከሆስፒታል ወጡ። ልጃቸውን "ኸይሪያ የምትኖርበትን ሳላይ አልሄድም" ብለዋት እኛ ቤት አመጣቻቸው። እሷ መኪናዋን ጋዝ ልሙላ ብላ ተመልሳ ወጣች። ሙጂባ በሩን ስትከፍት አፈረች፣ ያን የላባውን ወሬ አስታውሳ መሰለኝ። ሩዝ በሥጋ አቀረበች። ሚስስ ዶሎረስ እየበሉ በመስኮቱ ፌርፋክስን ያያሉ... ሱቆቹን፣ ፓርክ የተደረጉትን መኪኖች።

"ይሄ ሁሉ ሳይሠራ በፊት እዚህ ማን ነበር የሚኖረው?" አለች ሙጂባ።

ስድስት ዓመት ኖሬበት አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ሚስስ ዶሎረስ ሳህናቸውን ገፋ አደረጉ። "ታሪኩ ረጅም ነው" አሉ።

ሙጂባ ወንበሯን አስጠጋች። ልጃቸው ከታች ክላክስ አደረገች። ማናችንም አልተነሳንም።