ሻምበል፣ አይነሱ!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018

የደም ግፊቴ 150 በ95። ባለቤቴ አልጣሽ "ጨው ነው" ትላለች። እኔ "መጋቢ ታሪኩ ነው" እላለሁ። ዛሬ ብቻ ሦስት ጊዜ ደወለ። ለጥቅምት 16ቱ ጉባኤ… "ካፒቴን፣ ያቺን ምስክርነትዎን!" ያቺን። እንደ ዘፈን ምርጫ።

ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ተናግሬያታለሁ። በጦርነቱ ጊዜ የጭነት አውሮፕላን አብራሪ ነበርኩ። ሰሜን ላይ ቁስለኛ ጭኜ ልነሳ ስል "አትነሳ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀረሁ። ከሰዓት በኋላ ሞተሩ መሬት ላይ እንዳለ ተቃጠለ። እዚህ ጋ ሕዝቡ እልል ይላል። ለእልልታው ስንት ሰከንድ ዝም እንደምል ሳይቀር አውቀዋለሁ።

ጡረታ ወጥቼ አገሬ ዲላ ከገባሁ ሁለት ዓመቴ። ጎረቤቱ ሁሉ ቡና አስጥቶ "ካፒቴን፣ ዛሬ ይዘንባል?" ይለኛል። "ይዘንባል" እላለሁ። ለጌዴኦ ሰማይ ሌላ ትንበያ አያስፈልግም። እስካሁን አልተሳሳትኩም።

ፖስተሩ ተለጥፏል። "የሰማዩን ድምፅ የሰማው አብራሪ"። ፎቶዬ ጠጉር ከነበረኝ ዘመን ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ዛሬ ግፊቴን አልለካሁም።

ወናጎ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ባጃጇ ዲላ መግቢያ ላይ ጸጥ አለች። ሾፌሩ ከፊት እየጎተተ፣ እኔ ከኋላ እየገፋሁ። ሠላሳ ሰባት ሺህ ጫማ ላይ የበረርኩ ሰውዬ! አንድ የመለዋወጫ ሱቅ በር ላይ ደረስን። "ሐያት መለዋወጫ" ይላል። ቆብ ያደረገ ሽማግሌ ሌላ ባጃጅ ሥር ተጋድሟል። የኛ ሾፌር እጁ አላርፍ ብሎት የዚያኛውን ባጃጅ ቁልፍ ሊያዞር ሲል ሽማግሌው ከሥር ጮኸ።

"ተው! አታስነሳ!"

ያ ድምፅ። ሠላሳ ሰባት ዓመት ከሰማይ መጣ ያልኩት ድምፅ፣ ከባጃጅ ሥር መጣ።

ወጣ። እጁን በጨርቅ ጠረገ። አየኝ። ረጅም ጊዜ።

"ሻምበል ሚሊዮን። ሸመገሉ።"

"ሙሐመድኑር?"

"አልሐምዱሊላህ። አለሁ።"

ወደ ሞተሩ ዞረ። ቡታጅራ ይኖር ነበር፤ ሚስቱ ስትሞት ልጁ ሐያት ባለፈው ወር ወደ ራሷ ቤት አመጣችው። ይህን የነገረኝ ሾፌሩ ነው። እኔ በእግሬ ሄድኩ። ሸሸሁ ብል ይሻላል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

እሺ። ይህን ማንም አያነበውም። አንድ ጊዜ በትክክል ልጻፈው።

ኅዳር 1981። ሠላሳ ስምንት ቁስለኛ ተጭኗል። ሙሐመድኑር የአውሮፕላኔ ቴክኒሺያን ነበር፣ አሥር አለቃ። ሞተሩ ሥር ነዳጅ ሲያንጠባጥብ አየና ጠራኝ። በጣቴ ነካሁት። አሸተትኩት። ነዳጅ ነው። ግን አዛዡ "አሁኑኑ!" እያለ ነው። እኔም ጎበዝ ነኝ፣ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ የእግዚአብሔር ልጅ ነኝ… "ጌታ ያውቃል፣ እንነሳለን" አልኩ።

"ሻምበል፣ አይነሱ!" አለ።

ወጥቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። እሱ የማስነሻውን ፊውዝ ነቅሎ ኪሱ ከተተው።

ድምፁ ይህ ነው። ሌላ ድምፅ የለም። "አይነሱ" ነበር ያለው። እግዚአብሔር ለሰው "እርስዎ" አይልም ብዬ ነው ስመሰክር "አትነሳ" ያደረግኩት።

ሞተሩ አልነሳ ሲል ቁስለኞቹ ወረዱ። ከሰዓት በኋላ ባዶውን ሲሞክሩት ሞተሩ ነደደ። ሌላ አውሮፕላን እስኪመጣ ግን ሁለት ቁስለኞች ሞቱ። ጥፋተኛ ተፈለገ። "ቱቦውን ያላላው ራሱ ነው፣ አሻጥረኛ ነው" ተባለ። ችሎት ላይ እኔን ጠየቁኝ።

"ነዳጅ ሲያንጠባጥብ አስቀድሞ አይተሃል?"

አይቻለሁ ብል ቀጣዩ ጥያቄ ይታወቃል፤ እያየህ ለምን ልትነሳ ነበር?

"አላየሁም" አልኩ።

አንድ ቃል። ሙሐመድኑር ደርግ ወድቆ የእስር ቤቱ በር እስኪከፈት ታሰረ። ሁለት ዓመት ተኩል።

ለእናቴ፣ ዲላ አጠገብ ጪጩ ቤቷ ስመጣ፣ የነገርኳት ስለ ድምፁ ብቻ ነው። ያኔ ጸሎት በየቤቱ ተደብቆ ነበር። ደስ ብሏት እየሮጠች ሄዳ ለወንድሞች ተናገረች። ከዚያ ወዲህ ታሪኩ ከፊት እየበረረ እኔ ከኋላ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ለሙሐመድኑር ልናገር ሱቁ ሄድኩ። የባጃጅ የጎን መስታወት ገዝቼ ተመለስኩ። ባጃጅ የለኝም።

ሐያት ጎበዝ ነጋዴ ናት፣ "ግራ ነው ቀኝ?" ስትለኝ "ግራ" አልኳት። አባቷ ጥግ ላይ ካርቡሬተር እያጠበ ነበር።

"ሻምበል፣ ፖስተሩን አየሁት" አለ ቀና ሳይል። "ያ ድምፅ ምን ዓይነት ነው? ወፍራም ነው ቀጭን?"

ሐያት ሳቀች። አልገባትም። እሱ አልሳቀም።

አልጣሽ መስታወቱን አገላብጣ "ይሄ ለምንድን ነው?" አለች።

"ወደ ኋላ ለማየት።"

"በዚህ ዕድሜ?"

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ራስ ምታት ነው አልኩ። ጌታ ሆይ፣ ይህችንም ጻፋት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ከጌታ ጋር በጸሎት ተጨቃጨቅን። እሱ ዝም አለ፣ እኔ ጮህኩ።

በአየር መንገድ ሃያ ሁለት ዓመት ስበር ከመነሳቴ በፊት ሁሌ አንድ ጸሎት ነበረኝ። "ጌታ ሆይ፣ ነፋሱ ያንተ፣ መሪው የእኔ፤ ሁለታችንም ሥራችንን እንሥራ።" ድፍረት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከልቤ ነበር። ማዕበል ውስጥ ስገባ በእውነት አብሮኝ ያለ ሰው እንዳለ ይሰማኝ ነበር። እምነቴ ውሸት አይደለም። ውሸቱ በሩ ላይ ያለው ነው… በሐሰተኛ በር ገብቶ እውነተኛ ቤት ውስጥ መኖር ይቻላል? ኖሬያለሁ እኮ።

ለአልጣሽ ነገርኳት። ሁሉንም። ድንች እየላጠች ነበር፤ ቢላዋው ቆመ።

"በሰርጋችን ላይ መስክረሃል።"

"አዎ።"

"ልጆቻችንን በእሱ ታሪክ ነው ያሳደግሁት።"

"አዎ።"

"ሰውዬው ሚስት ነበረው?"

"ነበረችው። ሐያትን ያረገዘች።"

ድንቹን ትታ ወጣች። እራት አልነበረም። ይገባኛል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

መጋቢ ታሪኩ ቢሮ። ተነፈስኩለት። ደግ ሰው ነው፣ መጀመሪያ ውኃ ሰጠኝ። ከዚያ አሰበ። ሲያስብ ፖስተሩን እያየ ነው።

"ካፒቴን… እግዚአብሔር በሰውም በኩል ይናገራል። በአህያ እንኳ ተናግሯል። እና እኮ ያው ነው። ድምፁ የእግዚአብሔር ነው ማለት እንችላለን።"

"አህያይቱ እኮ አልታሰረችም፣ መጋቢ።"

ዓይኑን ወደ ፖስተሩ መለሰ።

"ከሐዋሳ እንግዶች አሉ። አዲስ አማኞች አሉ። ቢሰናከሉስ? በግል ይጠይቁት ይቅርታ፣ እኔም አብሬ እጸልያለሁ። ጉባኤው ላይ ግን…"

ፈተና ከሰይጣን ሲመጣ ይታወቃል፣ ቀንድ አለው። ከደግ ሰው ሲመጣ ነው የሚያስቸግረው። ለግማሽ ሰዓት ያህል ተስማምቼ ነበር። ቤት ስደርስ አልጣሽ ከሦስት ቀን ኩርፊያ በኋላ አናገረችኝ።

"እሑድ የትኛውን ሸሚዝ ልተኩስልህ?"

"እውነቱን የምናገር ከሆነ?"

"ለእሱ ነው የምተኩሰው። ለሌላኛው ራስህ ተኩስ።"

እሑድ፣ ጥቅምት 16

አዳራሹ ሞልቶ ደጅ ድንኳን ተጥሏል። ኪቦርድ የሚጫወተው የባንክ ሠራተኛ ስሙ ሃሌሉያ ነው፤ ሕዝቡ "ሃሌሉያ!" ባለ ቁጥር ቀና ይላል። ምስኪን፣ አንገቱ አያርፍም።

ወጣሁ። በዓይኔ ሙሐመድኑርን ፈለግሁ። እመጣለሁ ያለኝ መስሎኝ ነበር፤ ያለው ነገር እንኳ የለም። የራሴ ፍርሃት ነው ወንበር የያዘለት።

ጀመርኩ። ኅዳር፣ ሠላሳ ስምንት ቁስለኛ፣ አዛዡ… እልልታው የሚመጣበት ቦታ ደረስኩ። "ድምፅ ሰማሁ" አልኩ። እልል አሉ። ቆሜ ጠበቅሁ።

"ድምፁ የአሥር አለቃ ሙሐመድኑር ነበር" አልኩ።

ሃሌሉያ ጣቱ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። አንድ ረጅም ኖታ ሲጮህ ትዝ ይለኛል። ቀጠልኩ። ጣቴን፣ ሽታውን፣ "አላየሁም" ያልኩትን። የታሰረበትን። የዋሸሁትን ዓመታት በቁጥር። አንድ ሰው ከልማድ "አሜን" አለና አፉን ያዘ። መጋቢ ታሪኩ ተነስቶ ማይኩን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ፤ ምን እንደነካው እንጃ፣ መልሶ ተቀመጠ። አስጨረሰኝ።

እልልታ የለም። ጭብጨባ የለም። ሳል ብቻ።

ስወጣ በሩ ላይ እማማ ኤልቤቴል፣ የእናቴ ጓደኛ የነበሩት፣ ክንዴን ያዙኝ። በረከት ጠበቅሁ።

"ያኛው ይሻል ነበር" አሉ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ሰው ፊት መናገር ቀላሉ ነበር። ዛሬ ገባኝ።

ሙሐመድኑር ሱቁ በር ላይ ጎማ ላይ ተቀምጧል። ጎንበስ አልኩ። "ትናንት ጉባኤ ላይ…"

"ሰምቻለሁ። ዲላ ትንሽ ናት።"

"ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።"

"ለእነሱ ተናገርክ። እኔ እዚያ አልነበርኩም።" አንተ አለኝ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ስለዚህ እንደገና ተናገርኩ። ለእሱ፣ ሁሉንም። ከአፌ እየወሰደ አንዳንዱን ጨረሰልኝ።

"በጣትህ ነክተህ አሸተትከው። አይቼሃለሁ። ችሎቱ ላይ ቆሜ፣ አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል እያልኩ አፍህን ነበር የማየው።" ጨርቁን አጣጠፈ። ፈታ። "እናቴ መሞቷን የነገሩኝ ከተቀበረች ከአራት ወር በኋላ ነው።"

ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"አሥር ዓመት ያህል ተናድጄብህ ነበር። ከዚያ ደከመኝ። ይቅር ማለቴ እንዳይመስልህ። ድካም ነው።"

"እሺ።"

"ልጄ 'የአሻጥረኛ ልጅ' እየተባለች ነው ያደገችው። አንተ በአፍህ ብዙ ተናግረሃል፤ የአንተ አፍ አይበቃኝም። በወረቀት ጻፍልኝ። ፈርምበት።"

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ጻፍኩ። አነበበው፣ እርሳስ አወጣ።

"ቀኝ ሞተር አይደለም። ግራ ነው።"

ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ቀኝ እያልኩ ነው የመሰከርኩት! መንፈስ ቅዱስም አላረመኝ።

"'ይመስለኛል' የሚለውን አውጣ" አለ ደግሞ። "ይመስለኛል ተብሎ አውሮፕላን አይፈረምም።"

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ሙሐመድኑር ሦስት ምስክር ይፈርም አለ። አልጣሽ ፈረመች። ሁለተኛ የኪቦርዱ ሃሌሉያ፤ ራሱ ነው የመጣው። ሦስተኛ ስንፈልግ መጋቢ ታሪኩ ሞተር ሳይክሉን አቁሞ ገባ። ከጉባኤው ወዲህ አልደወለልኝም ነበር። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። እስክሪብቶው ትንሽ ዘገየ።

"ሁለት ቤተሰብ መጥቶ 'ከእንግዲህ ምን እንመን?' ብሎኛል" አለ።

"ምን አልካቸው?"

"እኔም አላውቅም አልኩ። ከዚያ አብረን ጸለይን።" ፈረመ።

ከዚህ ሰው ጋር ገና እንዋደዳለን መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሐያት ወረቀቱን ሱቁ ውስጥ ለልጆቿ ጮክ ብላ አነበበች። መሃል ላይ ድምፅዋ ተቆረጠ፤ ባሏ ተቀብሎ ጨረሰው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "አውሮፕላኑ ላይ ስንት ሰው ነበር በጠቅላላው?" አለች። ከእኛና ከረዳት አብራሪው ጋር አርባ አንድ አልኳት። "አርባ አንድ" ብላ ለልጆቿ ደገመች። ለእኔ ሌላ ቃል አልተናገረችኝም። አልጠበቅሁም… ጠብቄ ነበር። ውሸት አቁም፣ ሚሊዮን።

ይህ የሆነው ጥቅምት 29 ቅዳሜ ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እዚያ እሄዳለሁ። ሙሐመድኑር አልጠራኝም፣ አላባረረኝም። ጎማ ላይ እቀመጣለሁ። የዙሁር፣ የቀትሩን ሰላት ሲሰግድ ሱቁን እጠብቃለሁ፤ እኔም በልቤ የራሴን እጸልያለሁ። ጉባኤ የሚጠራኝ የለም። ግፊቴ 130 በ85።

ዛሬ አንድ ደንበኛ አፈጠጠብኝ። "ጋሼ ሙሐመድኑር፣ እኚህ ሰውዬ ማናቸው?"

"አብራሪ ነበር።"

"ጎበዝ?"

ሙሐመድኑር ከባጃጁ ሥር ሆኖ አሰበበት። "ሰማይ ላይ ጎበዝ ነበር። መሬት ላይ ገና ጀማሪ ነው።"

ከዚያ እጁን ዘርግቶ "የአሥራ ሦስት መፍቻ አቀብለኝ" አለኝ።

አቀበልኩት። አየው። የአሥራ ሁለት ነው። መለሰልኝ።