በሳምንት ሦስት ጥንድ

ሰኞ ረፋድ፣ ወር በገባ በዘጠነኛው ቀን

ከሩቅ ሆና ለምትቆጣጠረኝ ልጄ፣ ለፍጥኔ፦

እንዴት ነሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ? በስልክ ስትስዪ ሰምቼሻለሁና «ደህና ነኝ» ብለሽ አታልፊኝ። እኛ ደህና ነን። ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን፣ ጡረተኛዋ መምህርት ናት። እንደምናገረው ጻፊ፣ አታሳምሪ ብያታለሁ። በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር፤ አንቺ ግን በስልክ ሰው አታስጨርሺም። ወረቀት ደግ ነው፣ ዝም ብሎ ይሰማል።

ደብዳቤሽን መምህርቷ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ አንዴ ለእኔ፣ አንዴ ለእናትሽ። የአምስት ዓመት ዕቅድሽን ስሰማ ሳቅሁ፣ አልዋሽሽም። ሠላሳ ሰፊዎች፣ ባለ ሁለት ፎቅ መሥሪያ ቤት፣ ጫማችን በየአገሩ። ቦርሳ፣ ቀበቶ፣ ኮፍያ፣ የሕፃን ጫማ፣ የውሻ ማሰሪያ። «የውሻ?» አልኳት መምህርቷን። «የውሻ» አለች።

ከዚያ ጥያቄሽ መጣ። «አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ እጅህ በሳምንት ሦስት ጥንድ ይችላል? ከቻለ በወሩ መጨረሻ ሥራዬን ለቅቄ ሙሉ በሙሉ ወደ ሱቁ እገባለሁ» ብለሻል። እሱን ስሰማ ግን አልሳቅሁም፤ እመጣበታለሁ። አትቸኩዪ። ፍጥኔ የተባልሽውም በዚሁ አመልሽ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሱቅሽ ልናገር። ስልክ ውስጥ ያለ ሱቅ ስለሆነ አባቴ አያውቀውም እንዳትዪ። ሱቅ ሱቅ ነው። በአንድ ወር ሦስት ጊዜ ፊቱን ቀየርሽው። መምህርቷ ስልኳን ከፍታ ታሳየኛለች፤ አንድ ቀን ቢጫ ነው፣ አንድ ቀን ጥቁር፣ አንድ ቀን ደግሞ ጫማዬ በአበባ ተከቦ ራሱን እንኳ አላወቀም። ደንበኛ ተመልሶ ቢመጣ በር ይሳሳታል። ቦርሳ ብለሽ ፎቶ ለጠፍሽ፤ ሰው ጠየቀ፤ ቦርሳው ገና በሐሳብሽ ውስጥ ነው። ለቦርሳ ጠያቂዎች ስታስረጂ ጫማ ያዘዘው ሰውዬ አሥር ቀን ሙሉ መልስ አጣ። ያናደደኝ ይኼ ነው።

እኔም ጥፋት አላጣም። ያንን የድመቱን ጫማ ታስታውሻለሽ። ደንበኛው እግሩን ወረቀት ላይ ነድፎ ፎቶውን ላከ። እኔም የመለኪያ ክሬን መዝዤ የስልኩ መስታወት ላይ የሚታየውን እግር ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ለካሁት። ለክቼም ሰፋሁ። ሲያልቅ እናትሽ መዳፏ ላይ አስቀምጣ «ሰውዬው ድመት ነው እንዴ?» አለች። ስፌቱ እንከን አልነበረውም፣ እሱን ጻፊልኝ አልኳት። መምህርቷ እየሳቀች ስለሆነ ፊደሉ ቢጣመም በእኔ አይደለም። ንድፉ በልኩ ታትሞ እንዲመጣልኝ ያደረግሽው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ አፍንጫዬ ሥር ያለውን መስታወት ብቻ አይቼ፣ ከማዶ ሙሉ ሰው መቆሙን ረሳሁ። አንቺ ደግሞ ማዶውን ስታዪ አፍንጫሽ ሥር ያለውን ሰው ትረሺዋለሽ።

ቆዳ ስቆርጥ ምን እንደማደርግ ልንገርሽ፤ አጠገቤ አድገሽ አንድ ቀን አልጠየቅሽኝም። መቀስ ከማንሳቴ በፊት ጫማውን ሙሉ አየዋለሁ። ተሰፍቶ፣ ተወልውሎ፣ ሰውዬው አድርጎት ደረጃ ሲወርድ ሁሉ ይታየኛል። ሳይታየኝ ከቆረጥኩ ቆዳው ገደል ገባ። ወስፌውን ካነሳሁ በኋላ ግን ጫማ የሚባል ነገር የለም። አንድ ቀዳዳ አለ። እሱ ሲያልቅ ከጎኑ ያለው ቀዳዳ አለ። ወስፌ ይዞ ጫማውን የሚያልም ሰው አውራ ጣቱን ይወጋል። አንቺ አሁን አሥሩንም ጣት እየወጋሽ ነው፣ ልጄ፤ ከድምፅሽ ይሰማኛል።

ስለዚህ ቦርሳውን አውርጂው። ቀበቶውንም፣ የውሻውንም። ያንን ቡናማውን፣ ባለ ክሩን ጫማ ብቻ አስቀሪ። ዘንድሮ ሰው በእሱ ይወቅሽ። የጠየቀሽን ሁሉ በዕለቱ መልሺ። ዕቅዱን ግን ቀደሽ እንዳትጥዪው። ሳቅሁ ብዬሻለሁ፤ አሁን አልስቅም።

እኔን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ድርብ ስፌታቸውን ለማንም አያሳዩም ነበር፤ በር ዘግተው ነው የሚሰፉት። እኔ በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቄ ነው የወሰድኩባቸው። ሲሞቱ ስፌቱ እኔ ጋ ብቻ ቀረ። ይህንን ዓምና በኩራት ሳወራ እናትሽ «አንተ ስትሞትስ ማን ጋ ይቀራል?» አለችኝ። ጥጋቧን ብታዪ! ባል እያለ እንዲህ ይባላል? ከዚያ ወስፌውን ከእጄ ወስዳ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። ለማየት ያህል ነው አለች።

አሁንም እዚያው ሆና «ንገራት እንጂ» ትለኛለች።

«ምኑን?»

«የጠየቀችህን።»

«አንቺ ዝም ብለሽ ስፊ» አልኳት።

መምህርቷ ይህንንም ጻፈችው። ሰርዢው ብላት ደብዳቤ አይሰረዝም አለች። ጡረታ ወጣች እንጂ አስተማሪነቱ አልወጣላትም።

እሺ፣ ጥያቄሽ። ከዚህ ቤት በሳምንት ሦስት ጥንድ ይመጣል። ሦስት አልኩ፣ አራት አላልኩም፤ ደንበኛ አራት ካለሽ እምቢ በይ። ስለ እጄ የጠየቅሽውን ተይው። ቆዳውን በመዳፌ ዳብሼ የቱ እንደሚሰነጠቅ የማውቅ እኔ ነኝ፤ ጠማማ ስፌት ካየሁም አስፈታለሁ፣ አላዝንላትም። ከዓምና ወዲህ ስፌቱ ጠራ፣ ደንበኞቹም እንዲህ ቀጥ ያለ አላየንም አሉ ብለሽ የጻፍሽው ሲነበብ እናትሽ አንገቷን ደፋች። የእኔን ሥራ ሲያሞግሱልኝ እንኳ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሥራሽን ግን አሁን አትልቀቂ። በአንድ ሰው እጅ ላይ እንጀራሽን አትስቀዪ፣ የአባትሽም ቢሆን። ሦስቱ ጥንድ ሳይዛነፍ ስድስት ወር ይሂድ፤ ያን ጊዜ ከሥራሽ አንድ ቀን ቀንሺ፣ ከዚያ ሌላ ቀን። ሠላሳ ሰፊ ካልሽው ውስጥ አንዷ ተገኝታለች ብለሽ ያዢ። ሁለተኛውን እኔ እፈልጋለሁ፤ በር ከፍቼ ነው የማስተምረው።

ገጽሽ ላይ «በአባቴ እጅ የተሰፋ» የሚለውን ቀይሪው። «በቤታችን የተሰፋ» በይ። ለምን ብለሽ በስልክ እንዳታፋጥጪኝ። ለፎቶ ደግሞ የእናትሽን እጅ እናነሳልሻለን። ሰምና ማስቲሽ አበላሸው ብላ ቀሚሷ ውስጥ ትደብቀዋለች። ከተጋባን ጀምሮ እንደ አሁን አምሮ አላየሁትም። ይህንን ለመምህርቷ በጆሮዋ ነው የነገርኳት።

የምትረግጪው ሁሉ ይለስልስልሽ። ሳልሽን ንፋስ ይውሰደው። ደክሞሽ ስትገቢ የሚያስቅሽ ሰው ከቤትሽ አይጥፋ። እናትሽ ጉንጭሽን ስማለች፤ እጇ ወስፌ ስለያዘ በአፏ ብቻ።

አባትሽ፣ ጫማ ሰፊው

መጻፍ ስለማልችል የአውራ ጣቴን አሻራ አድርጌያለሁ። ሦስት ቦታ ያተምኩት ሦስት እጥፍ ስለምወድሽ ነው እንጂ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስለተዘበራረቁ አይደለም።