አሥራ አምስቱ ፒኖች

ሰኞ
ዛሬም "የሉባባ እጅ" አለ ባሌ ይማም። ምሳ ላይ አንዴ፣ ጥገና ሱቃችን ውስጥ ደግሞ ደጋግሞ። ሉባባ ወልድያ አብራው ኤሌክትሮኒክስ የተማረች ናት። በጦርነቱ ከቆቦ ተፈናቅላ መርሳ ከተማ እኛ ቤት ካረፈች ወዲህ የኔ ብየዳ አያምርለትም። እሱ ጣቱ ከተጎዳ ጀምሮ የብየዳ ካውያ የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ሱቃችን ሲዘረፍ የተረፈው ካውያ አንድ ብቻ ነው፤ በያጆቹ ግን ሁለት ሆንን።
ስትስቅ ታምራለች። ይኼንንም ልጻፈው።

ማክሰኞ
የጤና ጣቢያው አዋላጅ መጣች። የአልትራሳውንዱ የስክሪን ገመድ ተቆርጧል። "ማሽኑ አለ፣ የሚያሳየኝ የለም። እርጉዞቹን በእጄ እየዳበስኩ ነው" አለች። ይማም ወደ ሉባባ ዞረ። ሳልጠየቅ "እኔ እሠራዋለሁ" አልኩ።
ከአሮጌ ዕቃ ውስጥ የስክሪን ገመድ መሰኪያ፣ የቪጂኤ ኬብል ራስ አገኘሁ። አሥራ አምስት ፒን፣ በሦስት ረድፍ። ይማም ድሮ የፒኖቹን ቦታ ግድግዳው ላይ በቀለም ስሎታል፤ ግድግዳ አይዘረፍም። አንድ ቀይ፣ ሁለት አረንጓዴ፣ ሦስት ሰማያዊ። መብራት ስለሌለ ካውያውን ከሰል ላይ እያጋልኩ በየድኩ። ሉባባ "ላግዝሽ?" አለች። "አረፍ በይ፣ እንግዳ ነሽ" አልኳት።

ረቡዕ
የጤና ጣቢያው ጄኔሬተር ተነሳ፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ። ከሁሉም ያናደደኝ የሉባባ ዝምታ ነው። ብትስቅብኝ ይሻል ነበር። መንገድ ላይ ይማም "ነገ ለሉባባ እንስጣት" አለ። ሱቁንም ስጣት ልለው ምንም አልቀረኝ። ራት ሳልበላ ተኛሁ።

ሐሙስ
ይማም ዙሁር ሊሰግድ ሲወጣ ሉባባ የኬብሉን ራስ አንስታ ከግድግዳው ሥዕል አጠገብ ያዘችው።
"ሥዕሉ ከፊት ሲታይ ነው እህቴ። አንቺ የበየድሽው ከጀርባው ነው። ግራና ቀኙ ተቀያይሯል።"
እውነቷን ነው። ትክክል የነበሩት የየረድፉ መሐለኞች ብቻ ናቸው። ካውያውን ትወስዳለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ወደኔ ገፋችው። እሷ ቁጥሩን እየጠራች እኔ ፈትቼ እንደገና በየድኩ።

ጁምዓ
ስክሪኑ በራ። ከግራና ከተማ የመጣች እርጉዝ ሴት አንገቷን ቀና አድርጋ የልጇ ልብ ሲመታ አየች። "አልሀምዱሊላህ" አለች።
"ስህተቱን ማን ደረሰበት?" አለ ይማም።
አፌን ሳልከፍት ሉባባ ቀደመችኝ፦ "ዘይነባ ናት። ገልብጣ መሥራቷ ራሷ ገባት።"
ይማም ሰው ፊት እጄን ያዘ። ይዞኝ አያውቅም። ደስ አለኝ፣ ወላሂ። ቅናቴ ግን ባሰ። የእጇን ሙያ ተለማምጄ እደርስበት ይሆናል፤ ይኼን ደግነቷን ከየት አመጣለሁ?
እውነቱን ልነግረው ይገባል። እጄን እንደያዘ ቤት ደረስን፣ አልነገርኩትም።