ለኮልማን የቀረችው ቃል

ፌብሩዋሪ 3
ዛሬም ዝናብ። ገንፎውን አጎረስኩት፤ ግማሹን ተፋው። «ሞር» አለ። በቋንቋችን ትልቅ ማለት ነው። ምኑ ነው ትልቅ? ማንኪያው? ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ከፈሰሰ ወዲህ ለባሌ ለኮልማን የቀረችው ቃል ይቺው ናት። ሲርበው ሞር፣ ሲናደድ ሞር። ዕድሜዬን ሙሉ ልጆችን የአይሪሽ ቋንቋ ሳስተምር የሰለቸችኝ ቃል…

ፌብሩዋሪ 6
ልጃችን ሶርከ ከጎልዌይ ደወለች። «እማ፣ መጦሪያ እናስገባው። አንቺም እኮ ሰው ነሽ።» እዚያ ያሉት ነርሶች ቋንቋችንን አያውቁም። ግን ወገቤስ?

ፌብሩዋሪ 9
አንሶላ ስቀይር «ዎር» አለ። ቀጥ አልኩ። ሞር አላለም፤ ዎር! በኛ ቋንቋ ቅጽል አንስታይ ጾታ ያለውን ስም ሲከተል መነሻ ድምፁ ይላላል፤ ሞር ዎር ይሆናል። ስሙ ቢጠፋበትም ሰዋስዉ አለ ማለት ነው! የሚፈልገው ነገር ስሙ በሴት ጾታ የሚጠራ ነው።
«ወንበሯን ነው?» ፊቱን አዞረ።
«መስኮቷን? ትልቋን መስኮት?»
እንባው መጣ። አልጋውን እየገፋሁ መስኮቱ ሥር አደረስኩት። ሞትኩ በድካም።

ፌብሩዋሪ 10
ሲያይ ዋለ። ምኑን? ግራጫ ባሕር።

ፌብሩዋሪ 13
ጎረቤታችን ቤርትሊ በጀልባው አለፈ። የባሕር አረም በሚታጨድበት ዳርቻ ድንበር ሰበብ ከኮልማን ጋር ከተጣላ ወዲህ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም። ኮልማን መስታወቱን በጣቱ መታ። «ሞር ሌ… ሞር ሌ…»
ያቺ «ሌ» ከኋላ ስትገባ ትልቅነቱ ይቀራል። ከእከሌ ጋር ወዳጅ ነኝ ማለት ይሆናል። ከዚህ ሰውዬ ጋር?

ፌብሩዋሪ 15
ቤርትሊ ቤት ሄድኩ። በሩን ገርበብ አደረገ።
«ምነው መምህሯ? ሞተ እንዴ?»
«አልሞተም። አንተን ይፈልጋል። ሞር ሌ ይላል።»
«ስሜን ጠራ?»
«ስም ጠፍቶበታል።»
«ሌባ ሲለኝ ግን ስሜን አልረሳም ነበር።» ዘጋው። ምን ጠብቄ ነበር?

ፌብሩዋሪ 17
መጦሪያው ውስጥ ቦታ ተገኘ። ሶርከን እሺ አልኳት። እሺ አልኩ…

ፌብሩዋሪ 18
ቤርትሊ መጣ! ቆቡን በእጁ እያሸ።
«አንተ ደረቅ! ተኝተህም ሰው ታስቸግራለህ?»
ኮልማን በግማሽ ፊቱ ሳቀ። «ሞር ሌ…»
«ሞር ሌ ማን?» ቤርትሊ ደረቱን መታ። «ሌ ቤርትሊ በል እንጂ!» ድምፁ ተሰበረ። ከዚያ ወደኔ ሳይዞር፣ «ሂጂ ተኚ አንቺ። ራቱን እኔ አበላዋለሁ።»

ፌብሩዋሪ 26
ሶርከን ቦታውን ተዪው አልኳት። ቤርትሊ በየቀኑ ከሰዓት ይመጣል። ዛሬ በዚያው ድንበር ተጨቃጨቁ። ቤርትሊ በሺህ ቃል፣ ኮልማን በአንዷ። ማን እንደረታ እንጃ። ከጓዳ ሆኜ ስሰማቸው እንቅልፍ ወሰደኝ።