ከቤታችን አንድ ቁራጭ

ውድ እታለም፣

እንደምን አለሽ ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ለሞተ ሰው እንደዚያ ይባል እንደሆነ ስላላወቅሁ ተውኩት። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ደግሞ እንደ ልማድሽ ቅንድብሽን አታንሺብኝ፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ጎረቤት ሲያስቀኝም እስቃለሁ። የስፌት መኪናሽም ደህና ነው፤ ዘይት አጠጣዋለሁ። አንዳንዴ በጠራራ ፀሐይ ጓዳ ሆኜ ሳህን ሳጥብ፣ ከወዲያኛው ክፍል ሲያንጎራጉር እሰማዋለሁ። ሄጄ አይቻለሁ። ማንም የለም፤ መርፌው ከነክሩ ቆሟል፣ ወንበርሽም እንደነበረ ነው። መጀመሪያ ላይ እደነግጥ ነበር። አሁን ለምጄው፣ "ቀጥይ" እልና ሳህኔን አጥባለሁ።

የምጽፍልሽ ስለ ሸሚዙ ነው። የትኛው ሸሚዝ እንደማትይኝ አውቃለሁ።

ሰፈርተኛው ድሪቶ የሚለውን አንቺ ብርድ ልብስ ትይው ነበር፤ ሁላችሁም አልተሳሳታችሁም። ከላይ የጨርቅ ቁርጥራጭ፣ ከታች ገበር፣ መሀል ላይ ጥጥ። ሲያልቅ አጣጥፈሽ ለጤና ጣቢያዋ ሲስተር ትሰጫታለሽ፤ እሷ ማዋለጃ ክፍል ወስዳ የሚለበስ ነገር ሳይዘጋጅለት ለተወለደ ሕፃን ታለብሰዋለች። ለማን እንደደረሰ ጠይቀሽ አታውቂም። ሲስተር ልትነግርሽ ስትጀምር እንኳ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጅሽን ታወናጭፊ ነበር። ቁርጥራጩን ልብስ ሰፊዎቹ በነፃ ይሰጡሽ ነበር። ከዚያ ሁሉ ብጫቂ መሀል ግን አንዱ፣ መዳፍ የሚያህለውና ጥግ ላይ የሚገባው፣ ከቤታችን መሆን ነበረበት። ይህ ሕግሽ ነበር። "የሰው ትርፍ ብቻ ሰብስቤ ሰጠሁ ብል አፍራለሁ" ብለሽኛል አንድ ቀን፣ ክር በጥርስሽ እየበጠስሽ።

በዚህ ሕግሽ ቤታችን አለቀ። የእማማ መጋረጃ ሄደ፤ መስኮቶቻችን እርቃናቸውን ቀርተው አላፊ አግዳሚው ስንበላ ያየን ጀመር። የአባባ ኮት ሄደ። የጠረጴዛ ልብሱ፣ የእኔ የተማሪ ቤት ዩኒፎርም፣ አንቺ ልትሞሸሪበት አሰፍተሽ ሳትሞሸሪበት የቀረሽው ነጭ ቀሚስ ሳይቀር ሄደ። ፊት ለፊታችን ያለው አናጢ "ብዙ ቆመሽ አትዋይ፣ አንቺንም ትቆርጥሻለች" እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ባለ ሱቁ ደግሞ ልሽጥልሽ ብሎ መጥቶ አንዱ ስንት እንደሚፈጅ የጠየቀሽ ቀን ትዝ ይልሻል? ቀና ሳትይ "የሚፈጀውን ይፈጃል" አልሽው። ዋጋ የደበቅሽው መስሎት ተኮሳትሮ ወጣ። ስቀን ልንሞት ነበር።

አንቺ የሰጠሽውን አትከተይም። እኔ ግን በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ይገጥመኝ ነበር። የማላውቀው ሰው ግቢ፣ ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ፣ የእማማ መጋረጃ ከነአበባው ሲወዛወዝ አይቻለሁ። አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴት አቅፋው ከተቀመጠችው ሕፃን አገጭ ስር የአባባን ኮት አገኘሁት፤ ያ ባለመስመሩ ግራጫ። ስሩ ቁጭ ብዬ መውረጃዬን አለፍኩ። ቤት ገብቼ "አባባን አውቶቡስ ውስጥ አገኘሁት" ብዬሽ አለቀስኩ። መኪናሽን አቁመሽ ረጅም ጊዜ አየሽኝ። ያን ጊዜ ለምን እንደዚያ እንዳየሽኝ አልገባኝም ነበር።

ልጄን ጥንዚዛ ያልሽው አንቺ ነሽ። አባቱ እንደሆነ ሳይወለድ ነው የጠፋው፤ ስም የሚያወጣለትም፣ ጠረጴዛሽ ስር ቤት የሚሠራለትም አንቺ ብቻ ነበርሽ። እዚያ ስር ቁጭ ብሎ ከመኪናው እኩል ሲያዜም ይውላል። የሰማያዊ ሸሚዙ ሁለተኛ ቁልፍ ስትጠፋ ከአባባ ኮት የተረፈችውን የናስ ቁልፍ ተከልሽለት። ከሌሎቹ ትተልቃለች፤ በቀዳዳዋ የምታልፈው በግድ ነው። ከእሷ ወዲያ ሌላ መጫወቻ አልፈለገም። እንቅልፍ ሲመጣበት በአውራ ጣቱ እሷን ማዞር ይጀምራል፤ ጣቱ ሲቆም ተኝቷል ማለት ነው። ሲያመውም እንዲያው ነበር የሚያደርገው። በመጨረሻውም ቀን ጣቱ ሲቆም፣ እፎይ፣ ተኛልኝ ብዬ ነበር።

ሌላውን ልብሱን ሁሉ ውሰጂው አልኩሽ። ሸሚዙን ግን ትራሴ ስር አደረግሁት፤ እንዳትነኪብኝ አልኩሽ፤ እሺ አልሽ። ከዚያ ከአልጋ መውረድ ተውኩ። ሾርባ ይዘሽ ትመጫለሽ፣ ቀዝቅዞ ይዘሽው ትመለሻለሽ። አንድ ቀን እየጎተትሽ ገላዬን ታጠቢ ብለሽ ወሰድሽኝ። ስመለስ ትራሴ ስር ባዶ ነበር።

"የት አደረግሽው?" አልኩሽ።

"ሰጠሁት።"

"ቆረጥሽው?"

"መቀስ አላስነካሁትም።"

አላመንኩሽም። በዚያ ቤት መቀስ ያልነካው ምን ነበረና? እስኪደክመኝ ጮህኩ፤ አንቺ ቆመሽ ሰማሽኝ። ከዚያ በኋላ በአንድ ጣሪያ ስር ጨው አቀብይኝ፣ በሩን ዝጊው ስንባባል ኖርን፤ ሌላ ወሬ አልነበረንም። ሸሚዙን ልፈልግ ነው ከአልጋ የተነሳሁት። ሰው ሕፃን ታቅፎ ሲያልፍ ፊቱን ሳይሆን የብርድ ልብሱን ጥግ ነበር የማየው። ሰማያዊ ጨርቅ ባየሁ ቁጥር እከተላለሁ። አንዳንዴ ልጄ በአሥር ቦታ ተቆራርጦ በከተማው የሚዞር ይመስለኝ ነበር፤ በየሰው ገመድ ላይ፣ በየአልጋው ጥግ። አንቺም መኪናሽ ላይ እንደተደፋሽ ሄድሽ። ስገባ መስፊያው ላይ ጋደም ያልሽ መስሎኝ በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ነበር።

ባለፈው ሰሞን አንዲት ጸጉር ሠሪ አራት ዓመት የሚሆናትን ልጅዋን አስከትላ በራችንን አንኳኳች። ሲስተር ናት ቤቱን ያሳየቻት። ክንዷ ላይ ካንቺ ብርድ ልብሶች አንዱ ነበር፤ ጠርዙ ተበልቶ፣ ገበሩ ሳስቶ። "እትዬ፣ አዲስ ልግዛልሽ ብላት ሞቼ እገኛለሁ አለች። እንደምንም አድርገሽ ጠግኚልኝ" አለችኝ። ተቀበልኳት። ሲሄዱ እንደ ልማዴ ጥግ ጥጉን አየሁ። ከቤታችን ምንም የለበትም፤ አራቱም ጥግ የልብስ ሰፊ ብጫቂ ነው። ሕግሽን አፍርሰሽ አታውቂምና ገረመኝ።

ገበሩን ስተረትረው አገኘሁት። ጥጡ መሀል፣ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ተንጋልሎ፣ ሙሉ ሸሚዙ። አንገትጌው አለ፣ እጅጌዎቹ አሉ፣ ቁልፎቹ ሁሉ እንደተቆለፉ ናቸው። ዙሪያውን በእጅሽ፣ በቀጭኑ ክር፣ አንድ ቦታ ሳታጨማድጂ ይዘሽዋል። የመቀስ ምልክት የለበትም።

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አባባን አውቶቡስ ውስጥ አገኘሁት ስልሽ ለምን መኪናሽን እንዳቆምሽ ያኔ ገባኝ። ልጄ መንገድ ላይ እንዳይገጥመኝ ውስጥ አስተኛሽው። ሲስተርን ሄጄ ጠየቅኋት። ልጅቷ ጊዜዋን ሳትጠብቅ የተወለደች፣ እፍኝ የማትሞላ ነበረች አለችኝ፤ ብርድ ልብሱን ስታስረክቢያት ፊትሽ አመድ መስሎ ነበር። "ከቤታችን የቀረው ይሄ ነው፤ እሱን ካልወሰድኩባት እህቴን ይዟት ይሄዳል" ብለሻታል።

ገብቶኛል፣ እታለም። ግን የቀረው እሱ ብቻ አልነበረም። የክት ቀሚስሽ በሩ ጀርባ ተሰቅሎ ነበር። ለራስሽ ያስቀረሽው እሱን ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለእኔም የቀረኝ ሸሚዙ ብቻ ነበር። ይህን ከማሰብ ማረፍ አልቻልኩም። አዳንሽኝ፤ ስታድኚኝ ግን አልጠየቅሽኝም።

ሸሚዙን አወጣሁት። በቦታው አዲስ ጥጥ ሞልቼ፣ ጠርዙን ቀይሬ፣ ብርድ ልብሱን ለጸጉር ሠሪዋ መለስኩላት። እጄን ሳመችኝ ማለት ይቻላል። ሸሚዙን ትራሴ ስር አስገባሁት፤ የእኔ ነው፣ ማንንም አልሰረቅሁም አልኩ። በማግስቱ ሳህን ሳጥብ መኪናሽ አላንጎራጎረም። በሦስተኛውም ቀን። ቤቱ ጭጭ አለ። ድምፁን ከለመድኩት ወዲህ ፈርቼ አላውቅም፤ ዝም ሲል ግን ፈራሁ።

ጸጉር ሠሪዋ ሳምንት ሳይሞላት ተመለሰች። ልጅቷ ዓይኗ አብጧል። "እትዬ፣ ሥራሽ አንድ እንከን የለውም" አለችኝ እናትየው፣ እንዳይከፋኝ እየተጠነቀቀች። "ግን ልጄ እንቅልፍ አጣች። ልጁ ወጣ እያለች ታለቅሳለች።"

"የቱ ልጅ?"

"እኔ በምን አውቄ? እኛ ቤት ወንድ ልጅ የለም።"

ልጅቷ ብርድ ልብሱን ወለሉ ላይ ዘርግታ ተንበረከከች። አውራ ጣቷን አንድ ቦታ ላይ፣ ልክ ሸሚዙ የነበረበት ላይ፣ ወዲያና ወዲህ ትጎትታለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "የት ሄደ?" አለችኝ፣ ወዳጁን እንደነጠቁት ትልቅ ሰው።

መኝታ ቤት ገብቼ ሸሚዙን ከትራሴ ስር አመጣሁት፤ ሳላሳያት ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጌ ከስሩ አነጠፍኩት። ጣቷ የመጀመሪያዋን ቁልፍ አለፈ። ሁለተኛዋ ላይ ቆመ፣ ከጨርቁ በላይ ጨበጣት፣ ማዞር ጀመረ። ዓይኗ ሲከደን አየሁ።

ቁልፏን ብቻ ልስጣት አልኩ በልቤ። ሸሚዙ ለእኔ፣ ቁልፏ ለእሷ፤ ማንም አይጎዳም። እናትየው ልጅቷን አቅፋ ስታባብል ሸሚዙን ወደ መኪናሽ ወሰድኩት፣ መቀስሽን አነሳሁ፣ ስለቱን ከቁልፏ ስር አስገባሁ። የያዛት ያንቺ ክር ነበር፣ ያ ለኮት የሚሆነው ወፍራሙ ጥቁር። ልቆርጠው ስል "መቀስ አላስነካሁትም" ያልሽኝ ጆሮዬ ላይ መጣ። ስንት ጊዜ ስረግምሽ የኖርኩበትን ነገር አንቺ አላደረግሽውም ነበር፤ የማደርገው እኔ ልሆን ነው። መቀሱን መልሼ አስቀመጥኩት።

በእጄ ሰፋሁት። ያንቺ መርፌ በወጋባቸው ቀዳዳዎች እየገባሁ፣ እጆቹን ዘርግቼ፣ እንደነበረበት መለስኩት። ልጅቷ ከእናቷ ጭን ወርዳ ጠረጴዛሽ ስር ገባች። እዚያ ግቢ ያላት የለም። ስጨርስ የብርድ ልብሱ አንድ ጫፍ እጇ ውስጥ ነበር፤ ጣቷ ቆሟል። ጎንበስ ብዬ ትንፋሿን አዳመጥኩ። እየተነፈሰች ነው። ደጋግሜ አዳመጥኩ፤ እየተነፈሰች ነው።

ጸጉር ሠሪዋ ውስጡ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። ከቤታችን ነው አልኳት። እሺ ስንት ፈጀብሽ፣ ልክፈልሽ አለችኝ።

"የሚፈጀውን ፈጅቷል" አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ድምፁ ያንቺ ነበር። ሴትዮዋም ሌላ ሰው የተናገረ መስሏት ዞር ብላ ክፍሉን አየች።

ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናሽ ተመልሶ ያንጎራጉራል። ትናንት ደግሞ ሲስተር መጥታ ነበር፤ ልብስ የሌለው ሕፃን መች ጠፍቶ። ላዩን ጨርሼዋለሁ፣ ገበሩም ተዘጋጅቷል። ከቤታችን የሚገባ ስፈልግ ግድግዳ ለግድግዳ ዞርኩ። ምንም አልተውሽም። የክት ቀሚስሽ ብቻ አለ፣ በሩ ጀርባ፣ ክርኑ ላይ የክርንሽ ቅርጽ እንዳለ። ሰው የገባ እየመሰለኝ ስንቴ ደንግጬበታለሁ።

ዛሬ አወረድኩት። አንቺንም አልጠየቅሁሽም። አልቆርጥሽም፤ እጆችሽን ዘርግቼ ጥጡ መሀል አስተኛሻለሁ። ይህን የማደርገው ከፍቅር ይሁን ከቂም ለይቼ አላውቀውም፤ ከሁለቱም ሳይሆን አይቀርም። የማን ቤት እንደምትገቢ አልጠይቅም። ሲስተር ልትነግረኝ ከጀመረች እጄን አወናጭፋለሁ። ብቻ ከተማው ያን ያህል ሰፊ አይደለም። አንድ ቀን፣ ሳያውቁ፣ ሁለታችሁን አንድ ገመድ ላይ ጎን ለጎን ያሰጧችሁ ይሆናል። ያን ቀን ነፋስ ከነፈሰ እጁን ያዢልኝ።

ታናሽሽ፣
የጥንዚዛ እናት