ጊታሩ ብቻውን አይሄድም

ሚያዝያ 22 ቀን፣ እሑድ ጠዋት

ለምወድህ ልጄ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ የግራ ጆሮዬ ብቻ ከትናንት ጀምሮ ዝንብ የገባበት ይመስል ዝዝ ይላል። በስልክ ስንገናኝ ስለ አየሩና ስለ ጉልበቴ አውርተን እንዘጋለን። ይህ ግን በስልክ የሚነገር አይደለምና ብዕር አነሳሁ። እናትህ ኮንሰርት ገብታ ነበር። ያውም የሮክ። ተቀመጥና አንብበው።

ባለፈው ሳምንት ጓደኛህ ቀጮ ወደምሠራበት መጋረጃ ቤት መጣ። ቀጮ ይባል እንጂ አሁን በሱቃችን በር የሚገባው በጎኑ ነው። ከተሰቀሉት ጨርቆች ኋላ ቆሞ ሲያፍር ሲያፍር ቆየና፣ የጊታሩ አንገት እንደተሰበረ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ አራት ባንዶች በሚጫወቱበት ዝግጅት ላይ ቡድኑ እንደሚወጣ ነገረኝ፤ ያንተን እንዳውሰውም ለመነኝ። ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ እንደሚገኝ ያውቃል። ማን እንደቆለፈው አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

"ጊታሩ ብቻውን አይሄድም፤ አብሬው እመጣለሁ" አልኩት።

"እማማ፣ እዚያ እኮ መቀመጫ የለም።"

"ዕድሜዬን ሙሉ ተቀምጬ ስሰፋ ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን ብቆም አልሞትም።"

ታውቀኛለህ፣ የማላውቀው ቦታ ከመሄዴ በፊት ስለሱ ማንበብ አለብኝ። ፊደል የቆጠርኩት በእቃ መጠቅለያ ጋዜጣ ስለሆነ፣ የተጻፈውን ነገር ሁሉ አምናለሁ። አንድ አሮጌ መጽሔት ላይ፣ ኮንሰርት የሚገባ ሰው በጽሞና እንደሚያዳምጥ፣ ለወጣው ሁሉ እንደሚያጨበጭብ፣ ሴቶችም ረጅም ቀሚስ ቢለብሱ እንደሚመረጥ አገኘሁ። ለካ የሚያወራው ስለ ሌላ ዓይነት ኮንሰርት ኖሯል። ለጊታሩም ከተረፈ ባለ አበባ መጋረጃ፣ ገበር ያለው ልብስ ሰፋሁለት።

ቦታው የድሮ የጫማ ፋብሪካ መጋዘን ነው። በር ላይ አንገቱ የወፈረ ጠባቂ ከቦርሳዬ የማይለየውን መቀሴን ተቀብሎ አስቀመጠና፣ የእጄ አንጓ ላይ ማኅተም መታብኝ። በሳሙና ብፈትገው አለቅም ብሏል፤ ሥራ ስገባ አሠሪዬ ምን ትለኝ ይሆን?

ከፊት ቆምኩ። ጥቁር የለበሰ ሰው ብቻውን ወጣና ማይክሮፎኑን ይዞ "አንድ፣ ሁለት፤ አንድ፣ ሁለት" አለ። ከበሮውን አንዴ መታ መታ አድርጎ ወረደ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። አሳዘነኝና በመጽሔቱ ደንብ አጨበጨብኩለት። አጠገቤ የቆመች፣ ጸጉሯን አረንጓዴ የቀባች ልጅ ጠጋ ብላ፣ "እማማ፣ እሱ እኮ ማይክሮፎኑን እየሞከረ ነው" አለችኝ።

"ቢሆንም ንግግሩ ግልጽ ነበር" አልኳት።

እውነቴን ነው፤ ከእሱ በኋላ ከወጡት ይልቅ የገባኝ እሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተውን ተጫወቱ፤ ዓይን አፋሮች ናቸው ብዬ አለፍኳቸው። ሁለተኛዋን ዘፋኝ አንድ ሰው ክፉኛ በድሏታል፤ ማን እንደሆነ ግን ስትጮህ ውላ አልተናገረችም። ሦስተኛዎቹ ሲጀምሩ ወለሉ እንደ ስፌት መኪና ተንቀጠቀጠ። ከቦርሳዬ ጥጥ አውጥቼ ጆሮዬ ውስጥ ወተፍኩ፣ ለልጅቷም አካፈልኳት።

በመጨረሻ የቀጮ ቡድን ወጣ። ጊታርህን ከአበባ ልብሱ ሲያወጣው ከኋላ አንዱ፣ "ቀጮ፣ ሳሎኑን ይዘኸው መጣህ እንዴ?" ብሎ ሰውን አሳቀ። ከዚያ ዘፈን ጀመሩ፤ እኔም ጥጡን አወጣሁ።

ገና ሲጀምሩ ነው ያወቅኩት። አባትህ ታሞ ተኝቶ ሳለ፣ ካረፈም በኋላ፣ ከግድግዳው ወዲያ ስትደጋግመው የነበረው ነው። አባትህ "ተይው፣ ይጫወት" ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ በእንጨት ሜትሬ ግድግዳውን እመታ ነበር። ለካ ዘፈኑ ቃልም አለው፤ እስከ ትናንት አልሰማሁትም ነበር።

መሐሉ ላይ ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። ጊታር የለ፣ ከበሮ የለ። የመጋዘኑ ሰው በሙሉ እግሩን አንስቶ ወለሉን ዷ፣ ዷ፣ ዷ አደረገው፤ ከዚያ ዘፈኑ ቀጠለ። ልጅቷን ምንድን ነው ብላት፣ ሁላችንም የምንወዳት ቦታ ናት አለችኝ።

ሲያበቃ ቀጮ ላቡን እየጠረገ ከመድረኩ ጎንበስ አለልኝ።

"እማማ፣ ሦስቷን ምት አወቋት? የእርስዎ ናት። እዚያ ቦታ ሲደርስ ሁልጊዜ ግድግዳውን ይመቱ ስለነበር፣ ልጅዎ ዘፈኑን ሲሠራልን 'ያለ እሷ ዘፈኑ አይሞላም' ብሎ አስገባት።"

ሰው ይደገም ብሎ ጮኸ፤ ደገሙት። ያቺ ቦታ ስትደርስ ጉልበቴንም ረስቼ መታሁ። አረንጓዴዋ ልጅ እየሳቀች፣ ከሁሉም ቀደሙ እኮ አለችኝ።

"ልማድ ነው" አልኳት።

ጊታሩን ራሴ ተሸክሜ መለስኩት። ቁም ሣጥን አልከተትኩትም፤ ክፍልህ ውስጥ፣ ከአልጋህ በላይ ሰቅዬዋለሁ። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ የት እንደገባ አላውቅም፤ እየፈለግኩትም አይደለም። ግድግዳው እንደ ድሮው ስስ ነው። መጥተህ ብትጫወት ከወዲህ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። የምመታውም ዘፈኑ በሚፈልግበት ቦታ ብቻ ነው።

ያለህበት ቤት ይሙቅልህ፤ የምትውልበት ይቅናህ፤ ጣቶችህ አይዛሉብኝ።

እናትህ፣
ከግድግዳው ወዲህ