ድምፃቸውን ለመጨረሻ ያቆዩት የአቶ ፊሊጶስ ኩሪያኮስ የሕይወት ታሪክ

አቶ ፊሊጶስ ኩሪያኮስ ከአባታቸው ከመምህር ኩሪያኮስ ማታይ እና ከእናታቸው ከመምህርት አናማ ቻኮ እ.ኤ.አ. በ1962 በደሴ ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከሕንድ አገር፣ ከኬረላ፣ ለማስተማር የመጡ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ነበሩ። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈለገው፣ ዛሬም ድረስ በቤተ ክርስቲያናችን "ሰውዬው አማርኛ ከየት ተማሩ?" የሚል ስለማይጠፋ ነው። ሚስታቸው አስተማሯቸው የሚባለው ውሸት ነው። አሥራ ሦስት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ከሰፈር ልጆች ጋር በአማርኛ ሲጣሉና ሲታረቁ ነው ያደጉት።

በ1975 ቤተሰቡ ወደ ኬረላ ተመለሰ። እዚያ ደግሞ የወላጆቻቸው ቋንቋ ማላያላም በአፋቸው እንግዳ ሆኖ የክፍል ጓደኞቻቸው መሳቂያ አደረጋቸው። ኮሌጅ እንደጨረሱ፣ በ1984፣ የፊልም ሥራ ወደደራባት ወደ ማድራስ ሄዱ። በማላያላም፣ በታሚል፣ በቴሉጉና በሂንዲ በሠላሳ አራት ፊልሞች ተውነዋል፤ ከእነዚህም ሦስቱን ራሳቸው አዘጋጅተዋል። ፖሊስ ሆነዋል፣ ዶክተር ሆነዋል፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ሬሳ ሆነዋል። ይሁን እንጂ በጊዜው እዚያ ምስሉ አስቀድሞ ይቀረጻል፣ ድምፁ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ይገባል። የአቶ ፊሊጶስ አነጋገር ለየትኛውም ቋንቋ አልጥም ስላለ፣ በሠላሳ አራቱም ፊልሞች የሚሰማው የሌላ ሰው ድምፅ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ታየች ፊልሞቹን አንድ በአንድ አይተው በአንዱም ባላቸውን አልሰሙም። ይህ ነገር በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ሲያበግናቸው ኖሯል።

ወይዘሮ ታየች በሰማንያዎቹ ታናሽ ወንድማቸውን ዘሪሁንን ይዘው፣ በሱዳን በኩል በስደት ወደዚህ ወደ አሜሪካ የመጡ፣ በሆቴል ክፍል አጽጂነት የሚሠሩ ነበሩ። በ1999 አንድ የቴሉጉ ፊልም ዘፈኑን ላስ ቬጋስ ሲቀርጽ ኮሪደሩን ዘግቶ ጋሪያቸውን ማሳለፊያ አሳጣቸው። በአማርኛ ቢራገሙ፣ ካሜራው ጀርባ የቆሙት ሕንዳዊ በአማርኛ ይቅርታ ጠየቋቸው። በ2001 በተክሊል ተጋቡ፤ ናርዲንና ሊውልን ወለዱ። አቶ ፊሊጶስ ለሃያ ዓመት በካዚኖ ዲለር፣ ማለትም ቁማርተኞችን ካርታ አዳይ፣ ሆነው ሠርተዋል። ሺፍታቸው የማታ፣ የባለቤታቸው የቀን በመሆኑ፣ ባልና ሚስት በአዘቦቱ ቀን የሚገናኙት በፓርኪንግ ሎት የመኪና ቁልፍ ሲቀባበሉ ነበር።

በ2017 አቶ ፊሊጶስ በአማርኛ አንድ ፊልም ሠርተው በገዛ ድምፃቸው እንደሚናገሩበት ለባለቤታቸው ቃል ገቡ። ታሪኩ ያው የፓርኪንግ ሎቱ ታሪክ ነው። ባልን ራሳቸው፣ ሚስትን ወይዘሮ ታየች እንዲሠሩ ተወሰነ፤ ወሳኙ ማን እንደነበረ መናገር አያስፈልግም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን መናገር ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀረጻው በዕረፍት ቀን ብቻ ስለነበር አራት ዓመት ፈጀ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ዘሪሁን አራቱንም ዓመት ጺሙን እንዳይላጭ ተከልክሎ፣ "እሺ ጋሼ" የምትለዋን ብቻ ሃምሳ ሦስት ጊዜ እንዲደግም ተደርጓል። በፊልሙ የሚተውነው ጎረቤታቸው አወል ሺፍቱን ለሌላ ሰው እየሰጠ መጥቶ፣ ዛሬ ደመና የለም ተብሎ ተመልሷል። በቬጋስ ደመና የሚጠብቅ ሰው ምን ይባላል?

የባሰው የመጨረሻው ትዕይንት ነው። ባልየው ቁልፉን ሊሰጣት ሲል የሚስቱን እጅ ይዞ፣ በትዳር ዘመኑ ሁሉ ሳይነግራት የኖረውን ይነግራታል። አቶ ፊሊጶስ ግን ቃሉን ገና አልጻፉትም። በማድራስ ንግግሩ ያልደረሰለት ተዋናይ ከንፈሩ እንዲንቀሳቀስ ያህል ቁጥር ይቆጥራል፤ ቃሉ በኋላ ስቱዲዮ ይሞላለታል። ስለዚህ የባለቤታቸውን እጅ ይዘው፣ ዓይን ዓይናቸውን እያዩ፣ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" እያሉ ቆጠሩላቸው። ወይዘሮ ታየች ደግሞ እንዲያለቅሱ ታዘዙ። "ሰው ቁጥር ተቆጥሮለት እንዴት ያለቅሳል? እውነተኛውን ንገረኝ" ብለው ተቆጡ። መልሱ "ስቱዲዮ ስንገባ ትሰሚዋለሽ" ሆነ።

ስቱዲዮ የተባለው ሴንቴኒያል ሂልስ ሰፈር ያለው የቤታቸው ጋራዥ ነው። የሁሉንም ሰው ድምፅ እዚያ ቀረጹ፤ የራሳቸውን ለመጨረሻ አቆዩ። በተጠየቁ ቁጥር "ቃሉ ገና አልበሰለም" ይሉ ነበር። በ2023 መጨረሻ ድምፃቸው ሻክሮ ቢመረመሩ የጉሮሮ ካንሰር ተገኘባቸው፤ ድምፅ የሚያወጣው ማንቁርታቸው እንዲወጣም ተወሰነ። ለኦፕሬሽኑ ሁለት ሳምንት ቀራቸው። ወይዘሮ ታየች ሥራቸውን ትተው ማይኩን አስቀመጡላቸው፣ ለመኑ፣ አለቀሱ። አቶ ፊሊጶስ ግን በአወል ንግግር ውስጥ የአውሮፕላን ድምፅ ይሰማል ብለው፣ ሁለቱ ሳምንት ሊያልቅ አንድ ቀን እስኪቀረው ድረስ እሱን እንደገና ሲቀርጹ ሰነበቱ። ለራሳቸው የተረፋቸውን አንድ ቀን ሲጽፉና ሲሰርዙ ዋሉ። በማግሥቱ ሆስፒታል ገቡ።

ከዚያ በኋላ ንግግራቸው በጽሑፍ ሆነ። ወይዘሮ ታየች "እንግዲያው በወረቀት ጻፍልኝ" ቢሏቸው፣ ሲነበብ ሲነገር እንደሚሆነው አይሆንም ብለው አንድ ገጽ ሙሉ አስረዱ። ለማስረዳት ወረቀት አላነሳቸውም።

አቶ ፊሊጶስ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 2025 በስልሳ ሦስት ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ታየች፣ ልጆቻቸው ናርዲና ሊውል፣ በኬረላ የሚኖሩት እኅታቸው ወይዘሮ ማርያማ ኩሪያኮስ፣ እንዲሁም በልጅነቱ ያሳደጉት ያህል የሚያያቸው ዘሪሁን አዝነው ቀርተዋል።

በሐዘኑ መካከል ሊውል ለእናቱ፣ የአባዬን ድምፅ በኮምፒውተር አስመስሎ ትዕይንቱን መሙላት እንደሚቻል ነገራቸው። ወይዘሮ ታየች "ያላለውን አታስብሉት" ብለው ከለከሉ፤ በምትኩ ካሜራው ያን ቀን የያዘው ድምፅ እንዲከፈትላቸው ጠየቁ። ትዕይንቱ ዘጠኝ ጊዜ ተቀርጿል። በስምንቱ አቶ ፊሊጶስ እስከ አርባ ጥርት አድርገው ቆጥረዋል። በዘጠነኛው ሃያ ሰባት ላይ ድምፃቸው ታነቀ። ወደ ሃያ ተመለሱ፤ ሃያ አንድን ሁለት ጊዜ አሉት፤ አርባም ሳይደርሱ ቀሩ። ለአንዲት "እሺ" ሰውን ሃምሳ ሦስት ጊዜ ያስደገሙት አቶ ፊሊጶስ፣ በደብተራቸው ላይ ከዘጠነኛው አጠገብ "ይኼኛው ነው" ብለው ጽፈዋል።

ወይዘሮ ታየች ሦስት ጊዜ ሰሙት፤ አለቀሱም። ፊልሙ ከአርባቸው ቀጥሎ ባለው እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይታያል፤ የአቶ ፊሊጶስ ንግግር ሁሉ ካሜራው በያዘው ድምፅ እንዲቀር፣ ቁጥሩም እንዳይነካ ብለዋል። አቶ ፊሊጶስ በገዛ ድምፃቸው የሚሰሙበት ፊልም እርሱ ብቻ ነው። ባለቤታቸው ዛሬም ተናደውባቸዋል፤ ይህም ሳይዘለል እንዲነበብ አዘዋል።

የቆጠሩትን ሁሉ የሰማ፣ ያልተናገሩትንም የሚያውቅ አምላክ የአቶ ፊሊጶስን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ሚስታቸውንም ያጽናልን፤ ሲጠብቁ ኖረዋልና።